ብሉን ያገኘኸው ዕለት

ጥር 6

ተክለጻድቅ ደወለ። ምንጣፋችንን ተረክቦ ባሕር ማዶ የሚልክልን የአዲስ አበባው ወኪል ነው። ሰላምታውን ሲያስረዝመው ነገር እንዳለ ገባኝ። ጭነቱ አልወጣም። ያ አገር ከእኛ በሚሄድ በግም ሆነ ሱፍ ላይ በሩን ዘግቷል። በጠጉሩ ላይ በሽታ ተጠርጥሯል፤ እስኪጣራ ድረስ ምንም አይገባም ብለዋል።

በሽታ! ስንት ዓመት ሙሉ በእኛ ምንጣፍ ላይ ተንጋለው ሻይ ሲጠጡ ያልታያቸው በሽታ ዛሬ ታያቸው። የአገሩን ስም እዚህ ደብተር ላይ መጻፍ አልፈልግም። ያ አገር ከተባለ ይበቃዋል። ባሕሩን ሲሻገሩ ጎረቤታችን ነው፤ ሀብቱ ግን ጎረቤት አያስመስለውም።

ነገ ለማኅበሩ ሸማኔዎች መንገር አለብኝ። ሊቀመንበር መሆን ደስ የሚለው የምሥራች ሲኖር ነው። ግማሾቹ በዚህ በጥር ልጅ ሊድሩ ጌሾ ወቅጠው ተቀምጠዋል።

ለባለቤቴ ለበዛወርቅ ነገርኳት። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝና፣ "በሽታ አለ እንዴ?" አለችኝ። የለም አልኳት። "ታዲያ ለምን አለ ይላሉ?" አለች። አንዳንዴ እንደ ሕፃን ነው የምትጠይቀው። ስለሚችሉ ነዋ፣ አልኳት።

ጥር 9

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጩኸት ብቻ። ያልተላከው ምንጣፍ ተከምሮ ጣሪያ ሊነካ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ነገሩ የበግ አይደለም ይላል። ያ አገር በሆነ ጉዳይ መንግሥታችን ከጎኑ እንዲቆምለት ጠይቆ ነበር አሉ። አልቆመለትም። ከዚያ በሽታው መጣ።

ተናድጄ ራቴን አልበላሁም። በዛወርቅ ሳህኑን አነሳች።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ፍሬው፣ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ፣ ከኋላዬ ለሰዎች ሲያወራ ሰማሁት። "ጉልበተኛ እኮ አምጣ አይልህም። አሞሃል ነው የሚልህ። ያላመመህን አሞሃል ይልህና መድኃኒቱን ራሱ ይይዘዋል" ይላል። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፍሬው አልፎ አልፎ ቁም ነገር ይወጣዋል።

ከሸማኔዎቹ አንዳንዶቹ መወርወሪያቸውን ሰቅለው ለቀን ሥራ ሊሄዱ ነው። ቆዩ አልኳቸው። እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም፤ አላውቀውማ።

ጥር 19

የዛሬውን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሳር አምባ ሴቶች ፈትላቸውን ይዘው ወደ እኛ ዘመሮ መጡ። ሳር አምባ ከጓሳ የግጦሽ ሜዳ ወዲያ፣ ወደ ራቤል ሲኬድ አፋፉ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ብርዷ አጥንት ይገባል። በጎቿ ግን ጥቁር ናቸው፤ ፈትላቸው ቀለም አይፈልግም። ያ አገር ከምንጣፋችን ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንን ጥቁር ነው። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በገበያው ዋዜማ በአይሱዙ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። አለቃቸው እማማ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። የበዛወርቅ አክስት ናቸው፤ እናቷ ስትሞት አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በዛወርቅ እናቴ ነው የምትላቸው። እኔም አማቴ እላቸዋለሁ።

ማኅበሩ የሳር አምባን ፈትል መልሶ አያውቅም። ያመጡትን ሁሉ እንቀበላለን ብለን ቃል የገባንላቸው ገና ማኅበሩ ሲቋቋም ነው። አሁን ግን ተቀብዬ ምን ላደርገው? የተሠራውን የት አድርሰን?

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ከመስከረም ጀምሮ ደመላሽ እነሱ ጋ ነው። ደመላሽን ሽመና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወደ እኔ ሲመጣ ክር መቀጠል እንኳ አያውቅም ነበር። አሁን ሳር አምባ ገብቶ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ይሠራላቸዋል፤ እነሱም ራሳቸው ራቤል ወስደው ይሸጣሉ። እዚያ የተሸመነ ፈትል ሁሉ ወደ እኛ የማይመጣ ፈትል ነው። ሳይነግረኝ ነው የሄደው። ነግሮኛል፤ ግን እንደ ነገረኝ አልቆጥረውም።

ጠዋት ፈትሉን ወደ ብርሃን አወጣሁት። አየሁት። አገላብጬ አየሁት። የሆነ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ብል ገብቶበታል አልኩ።

እማማ ልቃቂቱን ከእጄ ወስደው ጉንጫቸው ላይ አሻሹት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ፈትል የሚያዩት እንደዚያ ነው። ከዚያ አንዱን ጥቅል መልሰው አስያዙኝ።

"እንግዲህ አንተ ካልክ ይኖር ይሆናል፤ የእኔስ ዓይን አያይም" አሉኝ። "ይሄን አንተ ጋ አስቀምጠው። ብሉን ያገኘኸው ዕለት ላክብኝ፣ ልጄ።"

ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ፈትል አዝለው ወደ መኪናው ሄዱ። በዛወርቅ ሸኘቻቸው፤ ስትመለስም በጓሮ በኩል ገባች።

ሊቀመንበር መመርመር አለበት። ዛሬ ዝም ብል ነገ ሌላው እውነት ብል የበላው ቢያመጣስ?

ጥር 20

ራሴን አመመኝ። ፈትሉን ደግሜ ላየው ነበር፤ ጊዜ አጣሁ። ጥቅሉን ዕቃ ቤት አስገባሁት።

ጥር 27

በገበያው ያሉት የሱፍ ነጋዴዎችም የሳር አምባን ፈትል አንነካም አሉ። ሊቀመንበሩ ብል አለው ያለውን ማን ይገዛል? እኔ ማንንም አላስገደድኩም። ጠየቁኝ፤ መለስኩ።

ለሳር አምባ ሰው ላክሁ። ደመላሽን ካሰናበቱ የፈትሉ ነገር እንደገና ሊታይ ይችላል አልኩ። በጨዋ ደንብ ነው የላክሁት፤ ሰላምታም አስቀድሜያለሁ። ፍሬው ሰምቶ፣ ብሉና ደመላሽ ምን አገናኛቸው ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ገንዘብህን ያዝ አልኩት። ሳቀ። የጥምቀት ዕለቱ ዓይነት ሳቅ ግን አይደለም።

የካቲት 4

በዛወርቅ ትናንት ራት አቅርባ ከፊቴ ቆመች። ብሉን አሳየኝ አለችኝ። ነገ በብርሃን አልኳት። ዛሬ ጠዋት ሳትረሳ አስታወሰችኝ። ስብሰባ አለብኝ ብያት ወጣሁ። ስብሰባ አልነበረኝም፤ ወንዝ ዳር ተቀምጬ መጣሁ።

ስገባ እንዝርቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከተጋባን ጀምሮ ያ እንዝርት ከእጇ ወርዶ አይቼ አላውቅም። ደክሟት ይሆናል።

የካቲት 7

ብርድ። ከማኅበሩ ቤት ግማሹ ባዶ ነው። አንዱ ሸማኔ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ውስጥ ዶሮ ገብታ ዕንቁላል ጥላ ተገኘች። ሰዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቁ አስፈራቸው መሰለኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ዝም አሉ። እኔን የሚያዩበት ዓይን ልቤን ይበላዋል። በየቤታቸው ልጆች አሉ። ይሄን ሁሉ ያመጣው ያ አገር ነው፤ የሚታያቸው ግን እኔ ነኝ።

የካቲት 11

ተክለጻድቅ ደወለ። ያ አገር በሩን ሊከፍት ፈቃደኛ ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። የምንሠራውን ሁሉ ለእነሱ ብቻ እንድንሸጥ፣ ለሌላ ለማንም እንዳንሰጥ እንድንፈርም ይፈልጋሉ። የበሽታው ምርመራስ? አልኩት። ከፈረማችሁ እሱ ይቀላል አለኝ።

ደሜ ፈላ። በሽታ በፊርማ ይድናል ማለት ነው? ይሄ ንግድ አይደለም፤ አንገት ይዞ ማንበርከክ ነው። ሰው እንዴት በሌላው ገበያ በር ላይ ቆሞ፣ ለማን እንደምትሸጥ እኔ ልንገርህ ይላል? ማንን በቤትህ እንደምታስቀምጥ እኔ ልምረጥልህ ከማለት በምን ይለያል? ትንሽ ብንሆን የእጃችንን ሥራ የት እንደምናደርሰው እናውቃለን። ለስብሰባው ይህንኑ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። እንባ ያቀረሩም ነበሩ። አንፈርምም ተባለ። ፍሬው አላጨበጨበም፤ ጫማውን ያይ ነበር።

ከስብሰባው ስመለስ የሳር አምባ መልስ ደርሶ አገኘሁ። ደመላሽ እንግዳችን ነው፤ እንግዳ አናባርርም ይላሉ። እልኸኞች። እንግዲያው ሁለተኛ ላክሁባቸው። ደመላሽ ይሂድ፤ ከዛሬ ወዲያም ፈትላቸውን ለእኛ ብቻ እንደሚያመጡ፣ ራቤል እንደማይወስዱ በሽማግሌ ፊት ቃል ይግቡ። ለእነሱም የሚበጀው ይኸው ነው። የተበታተነ ገበያ ማንንም አይጠቅም።

የካቲት 14

ደመላሽ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ፊቱ ከስቷል፤ የሳር አምባ ውርጭ ከንፈሩን ሰንጥቆታል።

"ጋሼ ወንዳፈራሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እኔን ይቅጡኝ" አለኝ። "እነሱ እኔን ከማስጠጋት በቀር ምን አደረጉ?"

ማንም ማንንም አልቀጣም፣ የፈትል ጥራት ጉዳይ ነው አልኩት። ከዚያ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ የሽመናው ጠርዝ አሁንም ይንሻፈፍበት እንደሆነ ጠየቅሁት። ይንሻፈፍብኛል አለ። ክሩን እኩል ወጥር፣ ባናው እንዲጠብቅ ስትረግጠው ደግሞ ውኃው ይፍላ አልኩት። እሺ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ። ጥሩ ልጅ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግረኝ አይገባኝም።

የካቲት 18

ጾሙ ገባ። አቶ አባይነህ ከሳር አምባ ለሽምግልና መጡ። ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው። ጓሳ ሲዘጋ፣ ሣሩ እስኪያገግም ማንም በግ እንዳያሰማራ ማንም እንዳያጭድ ሲወሰን፣ ከወሳኞቹ ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። አስቀድመው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ዘመሮ ገበያ ጠየቁኝ። ከዚያ የእነሱን ነገሩኝ። በልጉ አልዘነበም። ገብስ የሚሸምቱት በፈትል ነበር። ደመላሽ የሠራት ባናም ጥቂት ናት፤ መንደር አታበላም። አሁን ሰዉ ለፋሲካ ነጋዴ ጥቁር በጎቹን ማውጣት ጀምሯል፣ እናቶቹን ጭምር።

አዘንኩ። እውነት አዘንኩ። ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ማኅበር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ቁጭ ብለን እናየዋለን አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኛ ጓሳን ስንዘጋ መጀመሪያ የምናስወጣው የራሳችንን በግ ነው" አሉኝ። "አንተ የዘጋኸው በማን ላይ ነው?"

ጓሳ ሣር ነው፣ ይሄ ንግድ ነው አልኳቸው። ያኔ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። ዱላቸውን አንስተው ቤቱን መርቀው ወጡ። ባይመርቁት ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በዛወርቅ ልትሸኛቸው ወጥታ በጣም ቆየች።

የካቲት 25

ለማኅበሩ ርካሽ ጠጉር ፍለጋ ራቤል ሄድኩ። ከገበያው ዳር ያረጀ ልብስ የሚሸጡት ባና ዘርግተዋል። አንዱን ገና ከሩቅ አወቅሁት። ስንጋባ ለእማማ ወለተ ኢየሱስ በእጄ የሠራሁት ባና ነው። መጨረሻው ላይ ጥቁሩ ፈትል አልቆብኝ፣ በዛወርቅ ራሷ የፈተለችውን ነጭ ሰጥታኝ፣ ጠርዙ ላይ አንድ ነጭ መስመር አስገብቼበታለሁ። የሳር አምባ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ በፈላ ውኃ እያራሱ፣ እየዘፈኑ ቀኑን ሙሉ ረግጠው ነው ያጠበቁት። ዝናብ አያስገባም። እማማ ሲተኙ ሌላ አይለብሱም ነበር። አንተን ለብሼ ነው የማድረው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ነጋዴውን ጠየቅሁት። አንዲት የሳር አምባ ሴት፣ አሮጊት ልካት፣ በገብስ ለወጠችው አለኝ።

ገዛሁት። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ይውሰደው? ለፋሲካ፣ ነገሩ ሲበርድ፣ እነሱም ቃል ሲገቡ፣ እኔው ወስጄ አለብሳቸዋለሁ። እርቅ በባዶ እጅ አያምርም። ለበዛወርቅ አልነገርኳትም፤ ድንገት ደስ እንዲላት ነው። ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩት።

መጋቢት 3

ውርጭ። ባቄላው ጠቁሮ አደረ። እዚህ እንዲህ ከሆነ አፋፉ ላይ እንዴት ይሆን አለች በዛወርቅ።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ብርዱ ነው። ሁለት ጋቢ ደርቤ ይበርደኛል።

መጋቢት 6

እማማን እያሳላቸው ነው የሚል መልእክት መጣ። በዛወርቅ ወዲያው ጓዟን አሰረች። ምን ልውሰድላት ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ባናውን ካወጣሁት መቼ አገኘኸው ትለኛለች። የካቲት ነው ስላት፣ ታዲያ ለምን እስካሁን ትለኛለች። ለምን እስካሁን? ጥሩ ምክንያት ነበረኝ፤ በሩ ላይ ስቆም ግን አልመጣልኝ አለ። ማር አወጣሁላት። ንጹሕ ነጭ ማር ነው፤ ለሳል ጥሩ ነው።

ተቀብላኝ ትንሽ አየችኝ። ብርድ ነው እኮ ያመማት፣ አለችኝና ሄደች።

መጋቢት 11

ቤቱ ጭር ብሏል። ቆሎ በላሁ። መንገድ ተዘግቷል አሉ፤ አይሱዙው አልሄደም። ወሬ የለም። እንዝርቱ እዚያው እንደተሰቀለ ነው። አውርጄ ላስቀምጠው አስቤ ተውኩት።

መጋቢት 15

ሳር አምባ እሺ አለች።

ደመላሽን ማንም አላሰናበተውም። በእኔ የተነሳ አትራቡ ብሎ፣ ዕቃውን ሁሉ ትቶላቸው፣ ራሱ ወጥቶ ሄደ። ፈትሉንም ለእኛ ብቻ ሊያመጡ አቶ አባይነህ ባሉበት ቃል ገብተዋል። መልእክቱን ያደረሰኝ ፍሬው ነው። እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እንደ ሌላ ጊዜ ግን ቁጭ አላለም፤ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። ምን ሥራ አለው? ሁላችንም ሥራ ፈት ነን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በሚቀጥለው አይሱዙ ባናውን ይዤ እሄዳለሁ። በዛወርቅ ደስ ይላታል። እማማ ደግሞ ቂም አያውቁም።

መጋቢት 17

አልሄድኩም። መኪና ነበረ። የሚለካ ምንጣፍ ነበረብኝ። በሚቀጥለው።

መጋቢት 19

እማማ ወለተ ኢየሱስ ዐርፈዋል።

መጋቢት 22

ከቀብር ተመልሻለሁ። እንደሆነው ልጻፈው።

ባናውን ይዤ ነው የሄድኩት። የሬሳ አልጋው በሟች ደኅና ልብስ ይሸፈናል፤ የእሳቸው ደኅና ልብስ ደግሞ እኔ ጋ ነበር። ስደርስ አልጋው በደመላሽ ባና ተሸፍኗል። ጠርዙ ተንሻፍፏል፤ ርግጫውም ገና አልጠበቀም። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ዓይኔ ያየው ጠርዙን ነው። ደመላሽም ለቀብሩ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከሩቅ እጅ ነሳኝ።

በዛወርቅ ከራስጌው ነበረች። ባናውን ሰጠኋት። ልታለብስበት እጥፉን ስትፈታ ነጩን መስመር አየችው። ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አሄደችበት።

"መቼ አገኘኸው?" አለችኝ።

"በየካቲት።"

"እናቴ ማዳበሪያ ለብሳ ስትንቀጠቀጥ፣ ይሄ አንተ ዕቃ ቤት ነበር?"

ጮኻ አልተናገረችም። አልቃሾቹ ግን ሰሟት። መልስ ነበረኝ። ለእርቅ ያስቀመጥኩት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ነው፤ ለፋሲካ ነው። አንዱንም አላልኩም። አቶ አባይነህ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ባናውን ሬሳው ላይ አልጣለችውም። አልመለሰችልኝም። ትከሻዋ ላይ ደረበችውና፣ በደመላሽ ባና የተሸፈነውን አልጋ ተከትላ ወጣች። እኔ ከኋላ ሄድኩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ የማየው ያችን ነጭ መስመር ነበር።

ከቀብር መልስ አይሱዙው ሊነሳ ሲል፣ ነይ እንሂድ አልኳት።

"አንተ ሂድ" አለችኝ። "እኔ ይበርደኛል።"

መኪናው ላይ ማንም አላናገረኝም። አቧራው ነው፤ አፍ አያስከፍትም።

ሚያዝያ 2

ለበዛወርቅ ሰው ላክሁባት። አርባው ሳይወጣ አልመጣም ብላለች። አርባው ሲወጣስ ብዬ አላስጠየቅሁም።

ምግብ ማብሰል አልቻልኩበትም። ጎረቤት ወጥ ታመጣልኛለች። ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። አስቀድሼ መጥቼ ብቻዬን ፈሰክሁ። ገበያው ሳምንቱን በጥቁር በግ ተሞልቶ ነበር የሰነበተው። የሳር አምባ ናቸው። ገዢ እየጎተተ ይነዳቸዋል። እኔም አንድ ልገዛ ወርጄ፣ አንዷ እናት በግ ዞራ ስታየኝ ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 20

በሩ ተከፈተ። ሬዲዮው ሁለቱ አገሮች ተግባብተዋል አለ፤ በምን እንደተግባቡ አልተናገረም። ተክለጻድቅ ደስ ብሎት ደወለ። በሽታውስ? አልኩት። አይ፣ እሱ ከመጀመሪያውም አልተረጋገጠም አለኝ፣ እንደ ዘበት። በዚህ መሃል የደረሰብንን ማን ይጠየቅበታል አልኩት። ሳቀብኝ። "ጋሼ ወንዳፈራሁ፣ ተከፈተልዎ አይደል? ደስ ይበልዎ እንጂ" አለኝ።

ሸማኔዎቹ ጨፈሩ። ትዕዛዝም መጥቷል። የሚፈልጉት ጥቁሩን ነው፣ ቀለም ያልነካውን። ፍሬው ተነስቶ፣ ጥቁሩን ከየት ልናመጣ ነው ሲል ጭፈራው ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሳር አምባ የሚሸለት ጥቁር በግ አልቀረም። ቃል የገቡልን ፈትል የለም። ለእኛ ብቻ የሚሆነው ምንም የለም።

ሚያዝያ 24

ዕቃ ቤት ገባሁ። የቀረኝ ጥቁር ፈትል፣ በጥር እማማ ያስያዙኝ ያ ጥቅል ብቻ ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ አልነካሁትም። ለናሙና እንኳ ይሆናል ብዬ ወደ ብርሃን አወጣሁት።

ስፈታው በእጄ ላይ ተበጣጠሰ። ብል ነው። ልቃቂቱ ውስጥ ትሎቹ ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ማንም ቢያየው ብል ነው ይላል። ፍሬውን ጠርቼ ላሳየው ተነሳሁ፤ ከበሩ ተመለስኩ።

ጥር ላይ አልነበረም።

እሳቸው እንደሚያደርጉት ጉንጬ ላይ አሻሸሁት። ዱቄት ሆኖ አንገቴ ውስጥ ገባ። ብሉን ያገኘኸው ዕለት ላክብኝ ብለውኝ ነበር። አይሱዙው ነገ ወደዚያ ይሄዳል። ሾፌሩ የሚላክ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ሄደ፤ ገና አልመለስኩለትም።